የተበሳ የልጅ ጆሮ ሲያመረቅዝ

ጆሮዋ ከተበሳ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀላ ቢል አትደንግጡ። ቢጫ መግል ከያዘ፣ ከሞቀና ሲነካ ካስለቀሳት ግን አመርቅዟል።

እኔ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟለሁ። ንጹሕ ፋሻ ነክሬ ቅርፊቱ እስኪላላ ድረስ እይዝበታለሁ፤ ጠዋትና ማታ። ጥጥ አልወድም፤ ክሩ ጉትቻው ላይ ይጠመጠማል። ቅርፊቱን በጥፍር መፋቅ የለም። አልኮልም ቁስሉን ከማቃጠል በቀር አይረዳም። ቅቤ ቀቢው የሚሉኝን አክስቶቼን በትሕትና አልፋቸዋለሁ፤ ቅቤው ለፀጉሯ ይሁን።

ጉትቻውን ለማውለቅ አትቸኩሉ፤ ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መግል ሳይኖረው የሚያሳክክና የሚላላጥ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኒኬል ነው፤ ርካሹ ጌጥ በንጹሕ ወርቅ ወይም በቲታኒየም ይለወጥ።

ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ ከሰፋ፣ ጉትቻው ሥጋ ውስጥ ከሰመጠ ወይም በሁለት ቀን ካልተሻላት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የተበሳው የላይኛው ለስላሳ አጥንት ከሆነ አንድ ቀንም አትጠብቁ። የክትባት ካርዷንም ያዙ፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባቷ መጠየቃችሁ አይቀርም።