መንጋጋን በብሬስና በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፦ ከመጀመሪያው ራጅ እስከ ሪቴይነር

ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ጥርስን በአጥንቱ ውስጥ ያንቀሳቅሳል እንጂ መንጋጋውን ከቦታው አያነሳም። የታች ጥርሶች ከላይኞቹ በጣም ወደ ፊት አልፈው የሚወጡ ከሆነ፣ ወይም አፍ ተገጥሞም ፊት ለፊት ሰፊ ክፍተት የሚቀር ከሆነ፣ እድገቱን ለጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጨመርበታል።

1. እድገት መቆሙን ያረጋግጡ። ከ6 እስከ 12 ወር ልዩነት የተነሱ ሁለት የጎን ራጆች ይመሳከራሉ። ቸኩለው ያሠሩት የታች መንጋጋ ማደጉን ከቀጠለ የተገጠመው ይፈርሳል።

2. የተቦረቦረ ጥርስና የታመመ ድድ አስቀድመው ይታከሙ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ አጥንቱ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ስለሚገኝ ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው 6 ወር አስቀድመው ያስነቅሉታል።

3. ብሬስ፣ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ መልኩ ይብስበታልና። ጥርሶቹ የመንጋጋውን ጉድለት ለማካካስ ለዓመታት ተጋድመው ኖረዋል፤ ብሬሱ ሲያቃናቸው ጉድለቱ እንዳለ ይወጣል፣ ማኘክም ይከብዳል። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። አደጋው እዚህ ደርሶ ማቋረጥ ስለሆነ፣ ማን፣ የት፣ በስንት ብር እንደሚሠራው ሳይታወቅ ብራኬት (ሽቦውን ይዞ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ትንሽ ቁራጭ) አይለጠፍ።

መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም። ለስላሳ ብሩሽ ከብራኬቱ በላይም በታችም አዘንብለው ይቦርሹ፤ በየመሃሉ ትንሿን ብሩሽ ያስገቡ። ቆሎ ይቅር፤ ብራኬት በተላቀቀ ቁጥር ሕክምናው ይረዝማል።

4. ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ነው። የሚቀደደው በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ ጠባሳ አይታይም። የታች መንጋጋ በሁለቱም ጎን በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል፣ በቲታኒየም ሳህንና ብሎን ይታሰራል። ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ የታች ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛሉ። ስሜቱ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ጥቂት ድንዛዜ ለዘለቄታው የሚቀርበትም አለ። ሳይፈርሙ ይጠይቁ።

5. ቀጣዮቹ 6 ሳምንታት። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል፤ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ያግዛል። መጀመሪያ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ የቀጠነ ሽሮ፣ በጾም የሱፍ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ በቀን 6 ጊዜ ያህል። ኪሎ መቀነስ የተለመደ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከተሠራ ለ2 ሳምንት ያህል አይናፈጡ። የላይና የታች ጥርሶችን የሚያያይዘውን ላስቲክ በታዘዘው አቅጣጫ ብቻ ይሰኩ፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማኘክ ብሎኑን ያላላል። ማስመለስ ከመጣ ጎንበስ ይበሉ፤ ላስቲኩን የሚቆርጡበት መቀስ ከአጠገብዎ አይራቅ።

6. ብሬሱ ለማጠናቀቂያ ጥቂት ወራት ይቆይና ይነሳል፤ ሪቴይነር (ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ የሚይዝ፣ የሚወልቅ መያዣ) ይተካል። መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ ኋላ ማታ ማታ፣ ለዓመታት። በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይጣመማል። ሲመገቡ በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ አይተዉት፤ ከትርፍራፊው ጋር ተጠራርጎ ይሄዳል።