ለውድድር የሚቀርብ የካባ አንገትጌ፦ የወርቅ ክር ሥራ በከፈይ ላይ

ለታሪካዊ አልባሳት ውድድር ሙሉ ካባ ሰፍቶ ማቅረብ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። አንገትጌው ግን ለብቻው ተሠርቶ ለብቻው ሊገመገም የሚችል ሥራ ነው፤ የእጅ ሙያም በደንብ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ለሠርግ የሚከራዩት ካባዎች ጥልፋቸው በአብዛኛው የማሽን ስለሆነ፣ ዳኛ አንገትጌውን ገልብጦ ጀርባውን ማየቱ አይቀርም። ሠሪው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ንድፉ ነው። ሥራውን የሚጥለው ግን ከንድፉ ይልቅ የጨርቁ አወጣጠር ነው፤ ለዚህ ነው ከዚህ በታች ስለ ወጠራው ብዙ የተጻፈው።

አስቀድመው ዘመኑን ይወስኑ። «የድሮ» ብሎ ማለፍ ነጥብ ያስቀንሳል። ጅማ ላለ ሰው ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። ጅሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥትና የጅማ ሙዚየምን ንድፍ ከመሳልዎ በፊት ሄደው ይዩ። ያ ቤተ መንግሥት የሙስሊም ቤተ መንግሥት እንደነበረ አይርሱ፤ ከሰሜን ካባዎች ላይ የተቀዳ መስቀል ለጅማ መኳንንት ካባ አይሆንም። ሐረግ፣ ቅጠልና የተጠላለፈ መስመር ይበቃል። የመዝጊያውንና የጨርቁን ነገርም ከዘመኑ ጋር ያመሳክሩ፦ ዛሬ የምናውቀው ዚፕ የመጣው በ1913 ገደማ ነው፣ ፖሊስተር በ1941፣ ቬልክሮ ደግሞ በ1955 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ለ1880ዎቹ ተብሎ በቀረበ ሥራ ላይ ቬልክሮ ከተገኘ የቀረው ጥልፍ ምንም ቢያምር አያድነውም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ጠጉሩ አጭር የሆነ የጥጥ ከፈይ (ሱቅ ውስጥ ቬልቬት የሚሉት) ግማሽ ሜትር፣ አቡጀዲ 1 ሜትር፣ ለገበር የሚሆን ሐር ወይም ስስ ጥጥ ግማሽ ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚ.ሜ የሚሆን የወርቅ ክር 20 ሜትር፣ ቢጫ የስፌት ክር፣ ቢጫ የጥልፍ ክር፣ ቁጥር 9 ወይም 10 መርፌ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ አንድ ወፍራም መርፌ፣ ወረንጦና ሰም። ሃያ ሜትሩ የመጣው እንዲህ ነው፦ የአንገትጌው ዙሪያ 150 ሳ.ሜ ገደማ ይሆናል፤ ጥንድ ክር ሁለት ረድፍ ሲዞርበት 6 ሜትር ይፈጃል። እያንዳንዳቸው 60 ሳ.ሜ መስመር ያላቸው 8 ቅጠሎች በጥንድ ክር 10 ሜትር ያህል ይወስዳሉ። የቀረው ለጫፎችና ለብልሽት ነው። ክሩን ሲገዙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አጠፍ ዘርጋ አድርገው ይሞክሩት፤ ከላይ የተጠመጠመው ወርቃማ ልባስ ተፈትቶ የውስጡ ፈትል ከታየ አይውሰዱት።

ሰሙን ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። ጅማ የማር አገር ነውና ጠጅ ጣይ ዘንድ ሰፈፍ አይጠፋም። አሮጌ ድስት ውስጥ ከውኃ ጋር በዝግታ ያቅልጡት፣ በአሮጌ ነጠላ ያጥልሉትና ሳይነኩት እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ይፋቁት። ያልተጣራ ሰም ቢጫውን ክር ያጠቁረዋል፣ ነጠብጣቡም ከፈዩ ላይ ይቀራል።

ፓተርኑን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅርጽ) ለመሥራት የፊትና የኋላ ፓተርንዎን ወረቀት ላይ በትከሻ መስመራቸው ያጋጥሙ። አንገት በኩል ነጥብ ለነጥብ ይገጥማሉ፤ ክንድ በኩል ግን አንዱ በሌላው ላይ 2 ሳ.ሜ ይደረብ። ድርብርቡ የአንገትጌውን የውጭ ጠርዝ ስለሚያሳጥረው ትከሻ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል፤ ሳይደረብ ከቀረ ጠርዙ ይንዘፈዘፋል። ከአንገቱ መስመር 9 ሳ.ሜ እየለኩ የውጩን ጠርዝ ያስምሩ። አሁን ፓተርኑን ትከሻው ላይ ለሁለት ይክፈሉት። ምክንያቱ የከፈዩ ጠጉር ነው፦ አንገትጌው እንደ ቀለበት በአንድ ወጥ ከተቆረጠ ፊት ላይ ጠጉሩ ወደ ታች ሲተኛ ጀርባ ላይ ወደ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ነጣ ሌላው ጠቆር ብሎ ሁለት የተለያየ ጨርቅ ይመስላል። ትከሻው ላይ ስፌት ካለው ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ማስተኛት ይቻላል፤ ስፌቱን ደግሞ ጥልፉ ይሸፍነዋል። ዙሪያውን 2 ሳ.ሜ ትርፍ ትተው ይቁረጡና ክፍሎቹን ትከሻው ላይ ያጋጥሙ። ስፒል የሚሰኩት ትርፉ ላይ ብቻ ነው፤ መሀል ላይ የተሰካ ስፒል ጠጉሩን ጨፍልቆ ምልክት ይተዋል።

አሁን ወጠራው። አናጺ ጋ ሄደው ርዝመታቸው 60 ሳ.ሜ፣ ስፋታቸው 4 ሳ.ሜ፣ ውፍረታቸው 2 ሳ.ሜ የሆኑ አራት እንጨቶች በማዕዘን የተጋጠሙበት ክፈፍ ያሠሩ። በርጩማ የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ የዋንዛ ቁራጭ ይገኛል፤ ቀላልና ለሚስማር የሚመች እንጨት ነው። መድረቁን ግን ያረጋግጡ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጨርቁም አብሮት ይጣመማል።

አቡጀዲውን በሙቅ ውኃ አጥበው፣ አድርቀውና ተኩሰው ክፈፉ ላይ ይዘርጉት። የፈትሉ መስመር ከእንጨቱ ጋር ትይዩ ይሁን። ከየጎኑ መሀል ጀምረው ወደ ማዕዘኖቹ እየሄዱ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች እያፈራረቁ በ2 ሳ.ሜ ልዩነት ሚስማር ይምቱ። በሁለቱ ተጎራባች ጎኖች ላይ ሚስማሩን እስከ ግማሹ ብቻ ይምቱት፤ በኋላ ይነቀላል። በዚህ ደረጃ ጨርቁ መጨማደድ የለበትም፣ ግን በጣት ሲጫኑት ትንሽ መርገብ አለበት። ከፈዩን መስፋት ያለብዎት አሁን፣ አቡጀዲው ገና ልል ሳለ ነው። ሳይጎትቱ አስተኝተው፣ ከጠርዙ ግማሽ ሳ.ሜ ገባ ብለው፣ ከመሀል ወደ ዳር በሰያፍ ስፌት ዙሪያውን ያያይዙት። ከዚያ ግማሽ የተመቱትን ሚስማሮች እየነቀሉ አቡጀዲውን ወደ ውጭ ስበው እንደገና ይምቱ። ሁለቱ ጨርቆች አብረው ይወጠራሉ፤ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ድምፅ መስጠት አለበት።

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም አቡጀዲው መጀመሪያ ከርሮ ተወጥሮ ከፈዩ በላዩ ከተሰፋ፣ ሥራው ክፈፉ ላይ ሳለ እንከን የለውም። ከክፈፉ ሲወጣ ግን አቡጀዲው ይሰበሰባል፣ ከፈዩ ግን አልተወጠረምና የሚሰበሰብበት የለውም፤ በቅጠሎቹ መካከል አረፋ አረፋ ሆኖ ይነሳል። ካውያም፣ እንፋሎትም አይመልሰውም። በክረምት የጅማ አየር በአንድ ቀን ውስጥ እርጥብም ደረቅም ስለሚሆን ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ወጥሩን በጣትዎ መትተው ይፈትሹ።

ንድፉን ከፈይ ላይ በጠመኔ መሳል ከንቱ ድካም ነው፤ ጠጉሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ እጅ ሲያርፍበትም ይጠፋል። እስክሪብቶ ደግሞ ይሰራጫል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት ይውሰዱና ንድፉን በእርሳስ ይሳሉበት። ከፈዩ ላይ አኑረው በነጣ ስስ ክር መስመሩን ተከትለው በ4 ሚ.ሜ እርምጃ ይስፉ፣ ከዚያ ወረቀቱን በቀስታ ቀድደው ያንሱት። ወፍራም ወረቀት ሲቀደድ ስፌቱን ይዞ ስለሚነሳ አይሆንም።

የወርቁ ክር በመርፌ ተሰክቶ በጨርቁ ውስጥ አይመላለስም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ ልባሱ ይላጣል። ጥንድ ሆኖ ከላይ ይተኛል፣ በቢጫ የስፌት ክር ይታሰራል። ከፈይ ላይ ሲሆን ሌላ ችግር አለ፤ ወርቁ ጠጉሩ ውስጥ ሰምጦ መስመሩ የተቆራረጠ ይመስላል። ስለዚህ ወርቁ ከማረፉ በፊት በንድፉ መስመር ላይ ቢጫ የጥልፍ ክር በረጅም ስፌት ያስተኙ። እሱ ጠጉሩን ያስተኛል፣ ወርቁንም ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ማሰሪያውን ክር ከ45 ሳ.ሜ ሳያስበልጡ ይቁረጡ፣ ሰሙ ላይ ሁለት ጊዜ ስበው በሁለት ጣት አሽተው ያስገቡት። የወርቁ ልባስ እንደ ሞረድ ስለሚያሻ ያልተሰመ ክር ይበጣጠሳል። የጠርዙን ረድፍ ከጀርባ መሀል ይጀምሩ፤ መነሻና መድረሻው ያልተመሳሰለ ቢሆን እንኳ ፊት ላይ አይሆንም። ጥንዱን ክር 3 ሳ.ሜ ጫፍ አስተርፈው ያስተኙ። መርፌው ከውጭ በኩል ይወጣል፣ ጥንዱን ተሻግሮ በውስጥ በኩል ይገባል፤ በየ3 ሚ.ሜ አንድ፣ ኩርባ ላይ በየ2 ሚ.ሜ። አንድ ዙር ወደ 500 ስፌት ነው፤ መቸኮል አያዋጣም። ክሩ ሲጠብቅ ወርቁ ወገብ ያወጣል፣ ሲላላ ደግሞ ጥፍር ይይዘዋል። የሁለተኛው ረድፍ ስፌት በአንደኛው ረድፍ ሁለት ስፌቶች መካከል እየወደቀ ይሂድ፤ ትይዩ ከሆኑ አግድም ሰንበር ይሠራሉ፣ ዳኛ ይህን ከሩቅ ያየዋል።

የቅጠል ሹል ጫፍ ላይ ጥንዱ አብሮ አይታጠፍም። መጀመሪያ የውጩን ክር ብቻ በአንድ ስፌት ይያዙት፣ በወረንጦ ቆንጠጥ አድርገው ያጥፉት፣ ከዚያ የውስጡን ለብቻው አጥፈው በስፌት ይያዙ። አንድ ላይ ሲታጠፉ ጫፉ ይደነድንና ክብ ይሆናል።

ጫፎቹን ወደ ጀርባ ለማሳለፍ ወፍራሙን መርፌ ግማሽ ድረስ ይውጉ፣ የወርቁን ጫፍ ዓይኑ ውስጥ ያስገቡና አንዴ ሳብ ያድርጉ። ጥንዱ በአንድ ቀዳዳ አይግባ፤ ጉብታ ያወጣል። አንዱን አሳልፈው ሌላውን 2 ሚ.ሜ ራቅ አድርገው ያሳልፉ። ጀርባ ላይ ወደ መጡበት ረድፍ ስር አጥፈው በሦስት አራት ስፌት አቡጀዲው ላይ ይያዙትና 1 ሳ.ሜ ትተው ይቁረጡ። ጀርባውን የዱቄት ሙጫ መቀባት የሚወዱ ሠሪዎች አሉ። በደረቅ አገር ያስኬዳል፤ ጅማ ላይ ግን ክረምቱን ሳይደርቅ ቆይቶ ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። መስፋቱ ይሻላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ከክፈፉ ያውጡት። ትርፉን ወደ 1 ሳ.ሜ፣ የአቡጀዲውን ወደ ግማሽ ሳ.ሜ ያሳጥሩ። የአንገቱን ኩርባ በየ1.5 ሳ.ሜ ይሰንጥቁት፣ የውጩን ጠርዝ ደግሞ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ ያቅልሉት። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው አቡጀዲው ላይ ብቻ እንዲይዝ ይስፉ። ገበሩ ዙሪያውን 2 ሚ.ሜ አንሶ ይቆረጥ፤ እኩል ከሆነ በጠርዙ ብቅ ይላል። በስውር ስፌት ያያይዙ። ካውያ ከፊቱ አይነካውም፤ መስተካከል ካስፈለገው ፊቱን ወደ ታች ሌላ የከፈይ ቁራጭ ላይ አድርገው ከጀርባ እንፋሎት ብቻ ያሳዩት።

መዝጊያው የክር ቁልፍና ማቆላለፊያ ቢሆን ይመረጣል። 3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ጉንጉን ክር 30 ሳ.ሜ ለአንድ ቁልፍ ይበቃል፤ ማቆላለፊያው ቁልፉን አጥብቆ የሚያሳልፍ ይሁን፣ በአገልግሎት ይላላልና።

እስከ ውድድሩ ቀን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለው ሳያጥፉ በጠፍጣፋ ካርቶን ያስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበት ያፍናል፣ ወርቁ ይጠቁራል። የእጅ ላብም እንዲሁ ስለሚያጠቁረው በሚሠሩበት ጊዜ እጅዎን ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ።

ከሥራው ጋር የሚቀርበው ማብራሪያ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የየትኛው ዘመንና ቦታ ሥራ እንደሆነ፣ ምን አይተው እንደተነሱ፣ የትኛው በእጅ የትኛው በማሽን እንደተሰፋ። የወርቁ ክር የዛሬ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ፤ ተደብቆ ሲገኝ የሚቀነሰው ነጥብ ይበልጣል። አንገትጌው ለብቻው ተሠርቶ ካባው ላይ የሚገጠም መሆኑንም ያስፍሩ። ከማብራሪያው ጋር በዚያው ከፈይ፣ በዚያው ክር የተሠራ 5 በ5 ሳ.ሜ የሆነ ገበር የሌለው ናሙና ያያይዙ፤ ዳኞቹ ጀርባውን የሚያዩት በእሱ ላይ ስለሚሆን የዋናውን ገበር ለመፍታት አይነሱም።