ጥርት ያለ ውሃ፣ ጤነኛ እንግዳ፦ ስለ ኮሌራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ምንጭና ጉድጓድ ፍለጋ እንወጣለን። ኮሌራ የሚያገኘን ያኔ ነው።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው» ማለት
ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ታማሚ በሌለበትም ይኖራል። ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ውሃ ውስጥ፣ በጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ባንግላዴሽ ውስጥ እናቶች አሮጌ ሳሪ (የሴቶች ረጅም ልብስ) ደራርበው ውሃ ሲያጠሉ በሽታው በግማሽ ገደማ የቀነሰው ጨርቁ እነዚያን ፍጥረታት ስለሚያስቀር ነው። እኛ ጋ ግን ምንጩን የሚበክለው በአብዛኛው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ በነጠላ ማጥለል ድፍርሱን ይቀንሳል እንጂ አይበቃም። ካጠለሉ በኋላ ያፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጀሪካኑንም ውስጡን ይጠቡት። የታከመ ውሃ ውስጥ እጅ የነካው ኩባያ ከተነከረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ያልታመመ ሰው አያስተላልፍም» ብሎ ማመን
ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ግን ለቀናት ከዓይነ ምድራቸው ጋር ያስወጡታል። አሁን ያለው ዓለም አቀፍ የኮሌራ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ፣ በ1970 አፍሪካ የገባው ከሰው ጋር እየተጓዘ ነው። ሄይቲንም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጠቃት ከሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ወንዝ ውስጥ የገባ ፍሳሽ ነው። እኛም ዘንድ በ2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ላይ ተከስቶ ነበር። ጸበሉን መውቀስ አይገባም። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ሲያጥር የሚመጣ ነው። ለጥምቀት እንግዳ የምንቀበል ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

አረቄና ነጭ ሽንኩርት
ኮሌራን አይከላከሉም፤ አያድኑም።

«ውሃ ያባብስበታል» ብሎ ታማሚን መከልከል
ይህ ሰው ይገድላል። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ይደርቃል። በጽኑ የታመመ ሰው ካልታከመ የመሞት ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ በጊዜ ከታከሙት ግን የሚሞተው ከ100 አንድ አይሞላም። ወዲያው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) በጥብጠው ይስጡት። ካጡ፣ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ሕፃን ከሆነ ጡት አይከልከሉት። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም መንገድ ላይ ማጠጣቱን አያቋርጡ።