በቨርቹዋልቦክስ የራምና የዲስክ ቡፈር ልክ እንዴት ይስተካከላል?

8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሲስተም እንደ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭነው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም የሚያስነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ዊንዶውሱም ኡቡንቱም አብረው ሀንግ ያደርጋሉ። ወዲያው የሚሞከረው መፍትሔ ለቨርቹዋል ማሽኑ ራም መጨመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩን የሚያባብሰው ይኸው ጭማሪ ነው፤ ለውስጠኛው ሲስተም የተሰጠው ራም ማሽኑ እስኪዘጋ ድረስ ከላፕቶፑ ላይ ተቀንሶ ይቆያል። ከዚህ በታች ሆስት የምንለው ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ የተጫነውን ሲስተም ነው፤ ጌስት ደግሞ በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የሚነሳውን።

1. መጀመሪያ ትርፉን ለኩ

ቨርቹዋል ማሽኑን ሳታስነሱ፣ ስትሠሩ አብረው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ክፈቱ፤ ክሮምን ከነታቦቹ፣ ቴሌግራምን፣ ወርድን። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን አምጡና ፐርፎርማንስ በሚለው ውስጥ ሜሞሪን ምረጡ። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር አቬይለብል የሚለው ነው።

አቬይለብል 3.7 ጊጋ ይላል እንበል። ከዚህ ላይ 1 ጊጋ ያህሉን ለሆስቱ መተንፈሻ ተዉ። ቨርቹዋልቦክስ ራሱና የጌስቱ ስክሪንም ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይወስዳሉ። ስለዚህ ለጌስቱ በሰላም መስጠት የሚቻለው 2.5 ጊጋ አካባቢ ነው። ክሮምን ለመዝጋት ፈቃደኛ ከሆናችሁ 3 ጊጋ ይደርሳል። ቨርቹዋልቦክስ የሚቆጥረው በሜጋባይት ስለሆነ በ1024 አባዙት፤ 2.5 ጊጋ 2560 ይሆናል፣ 3 ጊጋ ደግሞ 3072።

ለኡቡንቱ ዴስክቶፕ 22.04 የሚመከረው 4 ጊጋ ስለሆነ 2560 ይጠበዋል። በዚህ ጊዜ ራሙን ከሆስቱ ከመንጠቅ ይልቅ ቀለል ያለ ሲስተም መምረጥ ይሻላል። ቀለል ያሉት የኡቡንቱ ዓይነቶች ሉቡንቱ ወይም ዙቡንቱ በዚህ ልክ ደህና ይሠራሉ። የምትማሩት ትእዛዞችን ወይም ሰርቨር ማዋቀርን ከሆነ ደግሞ ዴስክቶፕ የሌለው ኡቡንቱ ሰርቨር በ1024 ወይም በ2048 ይበቃችኋል። ዊንዶውስ 11 ግን በትንሹ 4 ጊጋ ስለሚጠይቅ 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ላይ በጌስትነት ማስነሳት አይመከርም።

2. ቁጥሩን አስገቡ

ጌስቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ከስሙ ሥር ሴቭድ የሚል ከሆነ ማሽኑ ባለበት ቆሞ የተቀመጠ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ የራሙ መቀየሪያም ደብዝዞ አይነካም። አስነሱትና ከውስጥ ሹት ዳውን አድርጉት። ዲስካርድ የሚለውን መጫንም ያጠፋዋል፤ ነገር ግን ሶኬት እንደ መንቀል ስለሆነ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል።

አሁን ማሽኑን መርጣችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ማዘርቦርድ ውስጥ ግቡ። ቤዝ ሜሞሪ በሚለው ሣጥን ውስጥ ቁጥሩን በቀጥታ ጻፉ፤ ተንሸራታቹን በማውስ መጎተት ትክክለኛው ቁጥር ላይ ለማቆም ያስቸግራል።

ተንሸራታቹ ላይ ያለውን አረንጓዴ መስመር አትመኑ። ቀለሙ የሚሰላው ላፕቶፑ በጠቅላላው ካለው ራም ተነስቶ ነው እንጂ አሁን ነፃ ከሆነው አይደለም፤ ክሮም 2 ጊጋ መያዙን አያውቅም። ብዙ ሰው «አረንጓዴው ውስጥ ነኝ እኮ» ብሎ 4096 የሚሰጠውና ላፕቶፑ የሚቆምበት በዚህ ምክንያት ነው። ጌስቱ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ ስለማያይ፣ ከዚያ በላይ የምትሰጡት ያለ ጥቅም ይያዛል።

የስክሪኑን ሜሞሪ ለማስተካከል ዲስፕሌይ ከዚያም ስክሪን ውስጥ ቪዲዮ ሜሞሪን ታገኛላችሁ። ዴስክቶፕ ላለው ጌስት 128፣ ለሰርቨር 16 በቂ ነው። 128 ሰጥታችሁም ስክሪኑ በትንሽ ሣጥን ከቀረ ጌስት አዲሽንስ (ጌስቱ ውስጥ የሚጫነው የቨርቹዋልቦክስ ረዳት ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው፤ ራም መጨመር ለዚህ ምንም አይፈይድም።

3. የዲስኩ ቡፈር

ቡፈር ወይም ካሽ የምንለው የዲስክ ዳታ ለጊዜው የሚቆይበትን የራም ቦታ ነው። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ ጉዳቱ ግን ከራሙ የሚከፋው ቦታ ይህ ነው። ስቶሬጅ ውስጥ ግቡና ዲስኩን ሳይሆን ከላዩ ያለውን ኮንትሮለር ሳታ የሚለውን መስመር ምረጡ፤ ሳታና አይ ዲ ኢ የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች ናቸው። በስተቀኝ ዩዝ ሆስት አይ ኦ ካሽ የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ጌስቱ የሆስቱን ቡፈር እንዲጠቀም የሚያደርገው ይህ ነው። በአዲሶቹ ስሪቶች ካላያችሁት ኤክስፐርት የሚለውን ስትጫኑ ይወጣል። ለሳታ ሲጀመር የጠፋ ነው፣ ለአይ ዲ ኢ ግን የበራ ነው።

ሲበራ ጌስቱ የሚጽፈው ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው በሆስቱ ራም ላይ ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚሄደው ቆይቶ ነው። ጌስቱ ግን «ተጽፏል» ተብሎ ስለተነገረው ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ ይቀጥላል። በዚህ መሀል መብራት ከጠፋና የምትሠሩበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆኖ ዩፒኤስ ከሌለው፣ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ፣ ተጽፏል የተባለው ነገር የለም። ዳታቤዝ ከሆነ ሊበላሽ ይችላል፤ ኡቡንቱ ራሱም ላይነሳ ይችላል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ማብራት ሥራን ለአደጋ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ብክነት ነው። ጌስቱ ያነበበውን ፋይል በራሱ ራም ውስጥ ይይዛል፤ ሆስቱም ያንኑ ፋይል በራሱ ካሽ ይደግመዋል። አንድ ዳታ ሁለት ቦታ ተቀመጠ፣ የተቆጠበ ነገር ግን የለም። የዲስክ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነም የሆስቱን ካሽ በአጭር ጊዜ ይሞላዋል። ሆስቱ ሊኑክስ ከሆነ ካሹ ሊሞላ እስኪቃረብ ጽሕፈቱን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሊያፈሰው ይችላል፤ ያኔ ጌስቱ ለደቂቃዎች ይቆማል። ጌስቱ መልስ ሲያጣ ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ስህተት ይመዘግባል። ኡቡንቱ ከሆነ ዲስኩን ወደ ሪድ ኦንሊ (ማንበብ ብቻ ወደሚቻልበት) ይቀይረውና ምንም ፋይል ሴቭ አልሆን ይላል። በዚህ ጊዜ ሰው ሃርድ ዲስክ ለመቀየር ይሮጣል፤ መጀመሪያ ግን ይህችን ምልክት ይይ።

ስለዚህ ሳታ ላይ ጠፍቶ ይቆይ። ማብራት የሚያዋጣው ራም ሲተርፋችሁና ማሽኑ ለሙከራ ብቻ ሲሆን፣ ማለትም ቢበላሽ ከማትጨነቁበት ጌስት ጋር ነው።

4. በሥራ ላይ ፈትሹት

ጌስቱን አስነሱና እውነተኛ ሥራችሁን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሥሩበት። ከዚያ በሁለቱም በኩል ተመልከቱ፤ በሆስቱ ታስክ ማናጀርን፣ በኡቡንቱ ሲስተም ሞኒተር ውስጥ ሪሶርስስ የሚለውን። ኡቡንቱ ላይ ካሽ ተብሎ የተመዘገበው ብዙ ቢሆን አትደንግጡ። ሊኑክስ ሥራ ፈት የሆነውን ራም ለፋይል ማቆያ ይጠቀምበታል፤ ፕሮግራም ሲጠይቅ ይለቀዋል።

የሚያስፈራው ስዋፕ (ራም ሲጠብ በምትኩ የሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) እየጨመረ መሄዱ ነው። ስዋፕ እያደገ ሆስቱ ላይ ግን አቬይለብል ከ1.5 ጊጋ በላይ ካለ፣ ጌስቱን አጥፍታችሁ 512 ጨምሩለትና እንደገና ፈትሹ። በተቃራኒው ጌስቱ ተርፎት የሆስቱ አቬይለብል ከ500 ሜጋባይት በታች ከወረደና ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ፣ 512 ቀንሱ። ሁለቱም ወገን ከጠበበ ጨምሮም ቀንሶም መፍትሔ የለም፤ ጌስቱ ወደ ስዋፕ፣ ሆስቱ ወደ ፔጅ ፋይል (የዊንዶውስ ስዋፕ) ሲጽፉ የሚጋፉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ቀላል ሲስተም ምረጡ ወይም ራም ግዙ።

ሁለቱም ጋ ራም ተርፎ ማሽኑ ከተንፏቀቀ ከመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ ያሉትን ምልክቶች እዩ። አረንጓዴ ኤሊ ካለ ቨርቹዋልቦክስ በሃይፐር ቪ (ዊንዶውስ ራሱ ባለው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ተደርቦ እየሠራ ነው፤ የራም ጉዳይ አይደለም። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሃይፐር ቪንና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን፣ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ደግሞ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን አጥፍታችሁ ሪስታርት አድርጉ። ደብሊው ኤስ ኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሠራው) ወይም በእሱ ላይ የሚሠራ ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ለይቶ የሚያሠራ) የምትጠቀሙ ከሆነ ግን እነሱ ይቆማሉ፤ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን ማጥፋትም የዊንዶውሱን ጥበቃ ይቀንሳል።

ማሽኑ ገና ሲነሳ ሜሞሪ አልበቃም ብሎ እምቢ ካለ፣ ታስክ ማናጀር ደግሞ ነፃ ራም ካሳየ፣ ፔጅ ፋይል ተዘግቶ እንደሆነ አጣሩ። «ኮምፒውተር ያፈጥናል» ተብሎ የሚዘጋው ይህ ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች ቃል መግባት የሚችለው ልክ ያንሳል። ሲስተም ማኔጅድ ሳይዝ ወደሚለው መልሱት።

ሁለት ማሽን አብራችሁ የምታስነሱ ከሆነ በመጀመሪያው ደረጃ ያገኛችሁት ትርፍ ለሁለቱ በድምር ነው። በሴቭ ስቴት ስትዘጉ ወይም ማሽኑ እየሠራ ስናፕሾት (በዚያ ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ማስቀመጥ) ስትወስዱም የጌስቱ ራም ይዘት ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ራም በሰጣችሁ መጠን ፋይሉ ሊገዝፍ ስለሚችል፣ የማሽኑ ፎልደር ባለበት ድራይቭ ላይ ቢያንስ የሰጣችሁትን ራም ያህል ነፃ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።