አሮጌዋን ሞተር በአዲስ ከመለወጣችሁ በፊት

ሰው ሞተር ሳይክሉን ሊለውጥ ሲል እኔ ጋራዥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከወሰነ በኋላ ነው። "ልለውጣት ነው፣ ምን ትለኛለህ?" ይላል። ልቡ ግን ከሸፈተ ቆይቷል። የአዲሷን ፎቶ በስልኩ እያሳየኝ ነው የሚጠይቀኝ።

አዲስ መግዛትን አልቃወምም። ብዙ ያገለገለች ሞተር የምትሸኝበት ጊዜ አለ። የሚያበሳጨኝ፣ ገና ብዙ የምትሠራ ሞተር በሆነ ባልሆነው ሰጥተው፣ ለእነሱ የማትሆን ይዘው ሲመለሱ ማየት ነው። ከስህተቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይብሳል። እሱን አስቀድማለሁ፤ ረዘም ቢልም ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደከመችውን ከአዲሷ ጋር ማወዳደር

የሚሆነው እንዲህ ነው። አሮጌዋ ለዓመታት ተነድታለች። የኋላ ጎማዋ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የሾኮቹ ዘይት ተቀይሮ አያውቅም። የመሪው ኩሽኔታ ተቦርቡሯል፤ መሪው መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይይዛል። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል። ካቴናው አንድ ቦታ ሲወጠር ሌላ ቦታ ይላላል። ባለቤቱ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። በአንድ ቀን የተበላሸ ነገር የለማ! ጥቂት በጥቂት ነው የሄደው። እጁና ወገቡም አብረው ለምደውታል።

ይኸው ሰው አንድ ቀን ሾውሩም ሄዶ አዲስ ሞተር ይሞክራል። መሪው ያለ ግፊት ይዞራል። ፍሬኑ ገና ሲነካ ይይዛል። ጉድጓድ ሲገባ ወገቡን አይመታውም። ሲመለስ "ቴክኖሎጂው ሌላ ነው" ይለኛል። ወዳጄ፣ ከተሰማህ ውስጥ አብዛኛው አዲስ ጎማ፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ ንጹሕ የሾክ ዘይትና ያልደነደነ የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። እነዚህን አሮጌዋም ላይ ማስገባት ይቻላል። ወጪው ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ደንበኛዬ ሞተሩን "ኩርባ ላይ አትታዘዝም፣ አርጅታለች" ብሎ ሸጣት። የገዛው ወጣት ልጅ እኔው ጋ አመጣት። ሁለቱን ጎማ፣ የመሪ ኩሽኔታውንና የፊት ሾክ ዘይቱን ቀየርንላት። ከወራት በኋላ የድሮ ባለቤቷ ጋራዥ መጥቶ አያት። ልጁን አስፈቅዶ አንድ ዙር ነዳት። ሲመለስ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ "ምን አደረጋችኋት?" አለኝ። ኢንጂኗን አልነካናትም። ያንኑ ሥራ እሱ ራሱ ቢያዘኝ ኖሮ በሁለት ቀን አስረክበው ነበር።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አሮጌዋን ወደ ቀድሞ ይዞታዋ መልሷት። ከጎማ ጀምሩ። ጎናቸው ላይ ከ"ዶት" ፊደላት ቀጥሎ ባለው መስመር መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 3518 ካለ በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ክሩ ያላለቀ ጎማም ጊዜ ሲቆይ ይደነድናል፤ በተለይ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። ካቴና ከቀየራችሁ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ አብራችሁ ቀይሩ። ያለቀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። የጎማና የመሪ ኩሽኔታዎችን አስፈትሹ። የኋላ ሾኩ የሚታደስ ዓይነት ከሆነ አሳድሱት። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ንዷት። ከዚያ በኋላ ሾውሩም ሂዱና አዲሷን እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከበለጠቻችሁ በእርግጥ በልጣለች ማለት ነው፤ ግዟት።

"ልሸጣት ለምን ገንዘብ አወጣባታለሁ?" የሚለኝ ብዙ ነው። ብትሸጥም ጥሩ ጎማ ያላት ሞተር ፈላጊዋ ብዙ ነው። ባትሸጥ ደግሞ ከትልቅ ወጪ ዳናችሁ።

ሳይለኩ "ኢንጂኑ አልቋል" ማለት

ጉልበት ቀነሰ፣ ጠዋት አልነሳ አለች፣ በቃ ኢንጂኑ አልቋል ይባላል። ማን ለካው? የቫልቭ ክፍተት ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ያኔ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ያመልጣል፣ ሞተሯም በብርድ አልነሳም ትላለች። ክፍተቱን ማስተካከል የመደበኛ ሰርቪስ ሥራ ነው። የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የተደፈነ የካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) ቀዳዳም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

መጀመሪያ እነዚህን አስተካክሉ። ከዚያ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ጭሱንም ተመልከቱት። ቆማ ስትነሳ ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎማው ነው። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የምታጨስ ከሆነ የፒስተን ሪንግ ይጠረጠራል። ማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ኢንጂን ማውረድ ሊጠይቅ ነው፤ ያኔ ስለ መለወጥ ማሰብ ተገቢ ነው።

ለአሮጌዋ በተሰጣቸው ዋጋ መደሰት

አሮጌ ሰጥቶ፣ ጨምሮ አዲስ መውሰድ ላይ ዋናው ቁጥር ጭማሪው ነው። ሻጩ ለአሮጌዋ ጥሩ ዋጋ ከሰጣችሁ በኋላ በአዲሷ ላይ ምንም ላይቀንስ ይችላል። መጀመሪያ የአዲሷን የመጨረሻ ዋጋ ቁረጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ "አሮጌም አለኝ" በሉ። ራሳችሁ ለነጂ ብትሸጡ ብዙ ጊዜ የተሻለ ታገኛላችሁ፤ ነጋዴው አትርፎ መሸጥ አለበትና። ጭማሪው ላይ ኢንሹራንሱን፣ የሰርቪሱን ወጪና የጎማውን ዋጋ ደምሩ። ሰፊ ጎማ ያላት ፈጣን ሞተር ጎማ ቶሎ ትበላለች፤ ጎማውም ውድ ነው። አዲስ ሞተር ዋጋዋ በብዛት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑንም አትርሱ። ጥቂት የተነዳች ሁለተኛ እጅ ብትወስዱ ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ችሎታል።

ፍሬኑን ትቶ ስክሪኑን ማየት

ለመለወጥ በቂ ነው የምለው አንድ ምክንያት ካለ ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው የፍሬን ሥርዓት ነው። ሰዎች ግን ሲያወሩ የሚሰማው ስለ ባለ ቀለም ስክሪንና ስለ ስልክ ማገናኛው ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ጎማ፣ ሾክ፣ መብራት አሮጌዋ ላይ መቀየር ይቻላል። ኤቢኤስ ግን ያልነበራት ሞተር ላይ እንዲሁ የሚገጠም ነገር አይደለም። ሥራው ቀላል ይመስላል። በየጎማው ያለ ሴንሰር ጎማው ሊቆልፍ መሆኑን ሲያውቅ የፍሬኑን ግፊት በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ ይይዛል። የደነገጠ ሰው ጣት ይህን መሥራት አይችልም። የፊት ጎማው የቆለፈበት ሰው ሚዛኑን ለማዳን ጊዜ የለውም፤ ወዲያው መሬት ላይ ነው። ኤቢኤስ ባልነበራቸው ሞተሮች ላይ የወደቁ ሰዎች ሞተራቸውን ለጥገና ሲያመጡ ታሪካቸው ይመሳሰላል፦ አንድ ነገር ድንገት ገባባቸው፣ ፍሬኑን ጨበጡት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሱም።

ቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ ኤቢኤስ ያቀረበው በ1988 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ የመንገድ ሞተሮች ግዴታ ያደረገው ግን በ2016 እና በ2017 ነው። ስለዚህ በዚህ መካከል የተሠራች ሞተር ሊኖራትም ላይኖራትም ይችላል፤ በስሟ ብቻ አትገምቱ። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ቁልፉን ስታዞሩ የኤቢኤስ መብራቱ መብራት አለበት። ጥቂት ሜትር ስትሄዱ ደግሞ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን አውጥተው ብልሽቱን ደብቀው ሊሆን ይችላል።

ስሟ አንድ ስለሆነ ያው ናት ብሎ ማሰብ

"የድሮዋን በጣም ስለምወዳት አዲሷን ራሷን ልግዛ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ሆንዳ አፍሪካ ትዊን በ750 ሲሲ እስከ 2003 ተሠርታ ቆመች። በ2016 የተመለሰችው በ1000 ሲሲ አካባቢ ናት። የድሮዋ ሲሊንደሮች በ"ቪ" ቅርጽ የቆሙ ነበሩ፤ የአዲሷ ጎን ለጎን ናቸው። ስሙ ያው ነው፣ አነዳዷ ግን ሌላ ነው። የድሮዋን የዕቃ መጫኛ አዲሷ ላይ ልግጠም ብትሉም አይገጥምም። ከዚህ በተቃራኒ ካዋሳኪ ኬኤልአር650 ከ1987 ጀምሮ በካርቡሬተር ስትሠራ ቆይታ በ2018 ቆመች። በ2022 ሞዴል ስትመለስ መሠረቷ ያው ሆኖ በካርቡሬተር ፈንታ የነዳጅ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጭ) ይዛ መጣች። አንዷ ላይ የቆየው ስሙ ብቻ ነው፣ ሌላዋ ላይ ጠባይዋም አብሮ ቆየ። ይህን የምታውቁት ተቀምጣችሁባት ነድታችሁ ብቻ ነው።

ኢንጀክሽንን ካነሳን አይቀር፣ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ "ኤሌክትሮኒክስ አይታመንም" ብሎ ጭራሽ አይጠጋውም። ሌላው ካርቡሬተር ያላትን እንደ ቆሻሻ ያያታል። ሁለቱም ይቸኩላሉ። ኢንጀክሽን ከፍታና ብርድ ሲለዋወጥ ራሱ ያስተካክላል። ጥገናውም ተደጋጋሚ አይደለም። ነገር ግን የነዳጅ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከሞተ ገፍቶ ማስነሳት ላይሆን ይችላል። ነዳጅ ከታንክ ወደታች በራሱ የሚወርድላት የካርቡሬተር ሞተር ላይ ይህ ቀላል ነው። ከመንገድ የራቀ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ይህን ልዩነት በቁም ነገር ያዙት።

በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር መግዛት

የፈረስ ጉልበት ቁጥሩ የሚገኘው ኢንጂኑ በጣም ሲሽከረከር ነው። በከተማ የምትነዱ ከሆነ እዚያ አትደርሱም። ክብደት ላይም ተጠንቀቁ። አንዳንዱ አምራች ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት መዝኖ ይጽፋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 0.75 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲሞላ 15 ኪሎ ከፍ ብሎ ላያችሁ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አንድ ዙር ነድቶ መወሰን

ቀጥ ባለ መንገድ ለጥቂት ደቂቃ መንዳት ምንም አይነግራችሁም። ጠባብ ቦታ ላይ አዙሯት። ሰው አፈናጡባት። ትራፊክ ውስጥ ቁሙባትና ሙቀቷ እግራችሁን ያቃጥለው እንደሆነ እዩ። ጠፍታ ሳለች ወደ ኋላ ግፏት፤ ማቆሚያ ቦታ ላይ የምትታገሏት እንዲያ ነው።

ገና በወጣበት ዓመት አዲስ ሞዴል ከመግዛትም ብትታገሱ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ዓመት ጉድለቶች ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ይስተካከላሉ።

መለወጥ ሲገባ አለመለወጥ

ይህን ስህተት የሚሠሩትን ከሁሉም በላይ እወዳቸዋለሁ። ሞተራቸውን አጥበው፣ ዘይቷን በጊዜው ቀይረው፣ እንደ ቤተሰብ ይዘዋት ይኖራሉ። ግን መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋና ለአንድ ተራ ዕቃ ወራት የምትጠብቁ ከሆነ፣ ወይም ሻሲው በዝገት ከተበላ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሸኟት። የተሰነጠቀ ሻሲ በብየዳ ሸፍኖ መንዳት አደጋ ነው።

ሌላም አለ፤ የነጂው አካል ይለወጣል። አንዲት ደንበኛዬ ከባድ ሞተሯን ለረጅም ጊዜ ነድታታለች። ጉልበቷ ከታመመ በኋላ ማቆሚያዋ ላይ ማውጣት አቃታት። መኪና መንገድ ላይ ከወደቀች ብቻዋን የማታነሳት ሆነች። መለወጡን እንደ ክህደት ቆጥራው ሁለት ክረምት አመነታች። ቀለል ያለች ዝቅ ያለች ስትገዛ ተመልሳ በየቀኑ መንዳት ጀመረች። ይህ ምክንያት ከየትኛውም ቴክኖሎጂ ይበልጣል።

ሁለቱንም አስቀምጣለሁ የምትሉ፣ የቆመች ሞተር እንደምትበላሽ እወቁ። ቤንዚኑ ይበላሻል፣ የካርቡሬተሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ባትሪው ይሞታል። የምትነዷት ከሆነ ብቻ አስቀምጧት።

ከወሰናችሁ ደግሞ የሰርቪስ ወረቀቶቿን ሰብስቡ። በሌላ የቀየራችኋቸውን የፋብሪካ ዕቃዎች መልሳችሁ ግጠሙ፤ ገዢው የሚፈልገው እነሱን ነው። ጉድለቷን በግልጽ ንገሩት። አቅም ካላችሁም አዲሷ የመጀመሪያውን ሰርቪስ እስክትጨርስ አሮጌዋን አትስጡ። ይህ ሰርቪስ በብዙ አምራቾች 1000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ አዲሷ ትስማማችሁ እንደሆነ በደንብ ታውቃላችሁ።