ቃሪያ በጓሮ፦ ሙቀቱ ሳይጎድል፣ ውሃው ሳይበዛ

የቃሪያ ዘር ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ከገባ ከመብቀል ይልቅ መበስበስ ይቀናዋል። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ግን ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። እንደ ሀባኔሮ ያሉ እጅግ የሚያቃጥሉ ዝርያዎች ዘገምተኛ ናቸው፤ 3 ወይም 4 ሳምንት ስለሚቆዩ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ መድፋት አይገባም። ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በተነፋ ቀላል አፈር ይሸፍኑት። እስኪበቅል እርጥበቱ አይቋረጥ። ከበቀለ በኋላ ግን የአፈሩ ፊት ደረቅ እስኪል ታግሰው ያጠጡ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ የተጋደመ ችግኝ በፈንገስ ተይዟል፤ አይድንም። እሱን ነቅለው የቀሩትን ያሳሱና አየር እንዲያገኙ ያድርጉ።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው፣ ከሁለቱ የዘር ቅጠሎች ሌላ ከ4 እስከ 6 ቅጠል ሲያወጣ ለመዛወር ደርሷል። ከዚያ በፊት ግን ፀሐይ ማላመድ አለ፦ የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን። ይህ ከተዘለለ ቅጠሉ ነጣ ብሎ ይቃጠላል።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ባለፉት 3 ዓመታት ቲማቲም ወይም ድንች የበቀለበት መደብ ባይሆን ይመረጣል፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸውን ይወራረሳሉ። በተክሎቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት እፍኝ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይበቃል፤ ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በዕቃ የሚተክል ሰው ከሥሩ የተበሳ፣ ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ ያዘጋጅ። ችግኙ ሲዛወር አመሻሽ ላይ፣ ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይተከላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ ላይ ነው። ጣትዎን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎ አያጠጡ። ቀትር ላይ ጠውልጎ ሲመሽ የሚነሳ ተክል ሙቀት ነው የበዛበት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በማለዳ የጠወለገ ግን ሥሩ ታሟል። አንዱን ነቅለው ሥሩን በጣትዎ ሳብ ያድርጉት፦ ቡናማው ልጣጭ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ በስብሷል፤ ውሃ መጨመር የባሰውን ያመጣል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው።

አንዴ ማድረቅ፣ አንዴ ማጥለቅለቅም ሌላ ጣጣ አለው። ካልሲየም ከውሃ ጋር እየተጓዘ ስለሆነ ፍሬው ዘንድ የሚደርሰው፣ ውሃው ሲቆራረጥ የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ይሰረጉዳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ማዳበሪያ ሳይሆን ውሃውን ማመጣጠንና አፈሩን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ነው፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ።

ቅጠሉ ደልቦ አበባ እንቢ ካለ ናይትሮጅን በዝቶበታል፤ ዩሪያም ሆነ ፍግ መጨመር ያቁሙ። አበባ ይዞ የሚያረግፍ ከሆነ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች እየወረደ ወይም ቀኑ ከ32 በላይ እየወጣ ሊሆን ይችላል። አየሩ ሲስተካከል ራሱ ይይዛል።

በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን ገልብጠው ያዩ። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚሰፍረው ከታች በኩል ነው፤ ጥቂት ከሆነ በጣት መጨፍለቅ፣ ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ አመሻሽ ላይ መርጨት ነው። መጀመሪያ በሁለት ሦስት ቅጠል ይሞክሩት። አዲሱ ቅጠል ተጨማዶ ቢጫና አረንጓዴ ከተዥጎረጎረ ግን ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት የለውም፣ ወደ ጎረቤቱ ሳይዛመት ተክሉ ይነቀል።

ከተዛወረ ከ60 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ አረንጓዴው ይደርሳል፤ ለመቅላት ተጨማሪ 2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። አረንጓዴውን ቶሎ ቶሎ መልቀም አዲስ አበባ ያስወጣል። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ አይጎትቱ፣ በመቀስ ይቁረጡ። የሚያቃጥለው ነገር የሚመረተው በፍሬው ውስጥ ዘሩ በተያያዘበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ እጅ ላይ ሲቀር በውሃ ብቻ አይለቅም፣ መጀመሪያ ዘይት ቀብተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ።

ለዘር የሚቀመጠው ተክሉ ላይ ፍጹም የቀላ ፍሬ ነው። ንቦች ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ስለሚያዳቅሉ፣ ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ከተተከለ አበባው ሳይፈነዳ በስስ ሻሽ ይሸፈን። ዘሩን በጥላ ያድርቁት፤ ሲያጥፉት ተሰብሮ ቀጭ ካለ ደርቋል።