የትኛው ዘር ለየትኛው ጊዜ እንደሚሆን እንዴት ይሞከራል

ምርጥ ዘር የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያዋጣም፣ የትና መቼ ተዘርቶ ነው መባል አለበት። ዝናቡ ደህና ሲሆን አንደኛ የወጣ ዘር ዝናቡ ሲቋረጥ ያው ራሱ ጭራ ይሆናል። አየሩ እንዲህ እየተለዋወጠ ባለበት ሰዓት ይሄን በትንሽ ቦታ መፈተሽ ይቻላል፣ በበቆሎ እንየው።

መጀመሪያ ሁለት ዝርያ ያዙ፣ አንዱ ቶሎ የሚደርስ አንዱ የሚዘገይ። ሁለቱንም ሁለት ጊዜ ዝሯቸው፣ መሃሉ 3 ሳምንት አካባቢ ይሁን። እያንዳንዱን 3 መደብ ላይ ድገሙና ቦታውን በእጣ አውጡ፣ አለበለዚያ ሰው የወደደውን ዘር ለም ጥግ ላይ ማስቀመጡ አይቀርም። ማዳበሪያውም አረሙም እኩል።

ከዛ ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ አየር የሚያገኘው ቦታ ስቀሉ። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ደምሩ፣ ለ2 አካፍሉ፣ 10 ቀንሱ፣ ምክንያቱም በቆሎ ከ10 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ከ30 ካለፈ 30 ብላችሁ ያዙት፣ ከ10 ከወረደም 10። ለምሳሌ ቀን 34 ሌሊት 20 ቢሆን፣ 30 እና 20 ተደምሮ ለ2 ሲካፈል 25፣ 10 ሲቀነስ 15። ይሄን በየቀኑ እየደመራችሁ ሂዱ። ሰብሉ የሚቆጥረው ሙቀቱን እንጂ ቀኑን አይደለም፣ ሲሞቅ ቶሎ የሚደርሰው ለዛ ነው፣ ግን ቶሎ ደረሰ ብላችሁ እንዳትደሰቱ፣ ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ስላጠረ ሚዛን ላይ ይቀላል።

ዋናው ነገር ግን አበባው ነው፣ እዚህ ጋ አትስነፉ። ከላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኝ መጣል የጀመረበትን ቀንና ከታች ፀጉሩ ብቅ ያለበትን ቀን ለየብቻ ጻፉ። እያንዳንዱ የፀጉር ክር የአንድ ፍሬ ነው፣ ብናኝ ካልደረሰው ያ ፍሬ የለም። ውሃ ሲያጥር ፀጉሩ ይዘገያል፣ ብናኙ ቀድሞ ያልቃል፣ ስትሸለቅቁት ቆረቆንዳው ላይ ባዶ ቦታ ታያላችሁ። በዛ ሰሞን ሙቀቱ ከ35 ካለፈ ደግሞ ብናኙ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ የሁለቱ ቀን ሲራራቅ ያየኸው ዘር ድርቅ አይችልም ማለት ነው፣ ቅጠሉ የፈለገ ቢያምር።

ምርቱን በደንብ አድርቃችሁ በየመደቡ መዝኑ። ወረቀት ላይ ከታች ሁለቱን የዘር ጊዜ፣ ወደ ላይ ኪሎውን አድርጋችሁ ለየዝርያው አንድ መስመር አስምሩ። መስመሮቹ ጎን ለጎን ከሄዱ የተሻለውን ዘር ውሰዱ በቃ። አንዱ ሌላውን አቋርጦ ካለፈ ግን ዘሩን ከዘር ጊዜው ጋር አብራችሁ ነው መምረጥ ያለባችሁ፣ ቀድሞ ከዘነበ ይሄኛው፣ ከዘገየ ያኛው። የአንድ ዓመት ውጤት ስለማይታመን የሚቀጥለውም ዓመት ድገሙት።